ከ18 ዓመት ጠመኔ በኋላ

18 ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። ዘንድሮ ክረምት የክፍል ቴክኖሎጂ ልማር ብዬ ራሴ ተማሪ ሆንኩ። እንደኔ ለምትጀምሩ፦ ሁሉንም አትነካኩ፤ አንድ ነገር ያዙ።

እኔ የያዝኩት ፌትን (PhET) ነው፤ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚሰጠውን፣ በኮምፒውተር የሚሠራ የሳይንስ ማሳያ። ኢንተርኔት ባለበት አውርዱና በፍላሽ ያዙት፤ ክፍል ውስጥ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የሰርኪት (የኤሌክትሪክ ዑደት) መሥሪያውን ክፈቱ። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተታችሁ አገናኙ። ሰማያዊ ኤሌክትሮኖች ሽቦው ውስጥ ሲጓዙ ታያላችሁ። በጠመኔ ይህን ማሳየት እንዴት እንዳደከመኝ እኔ ነኝ የማውቀው! ሁለተኛ ባትሪ በተከታታይ ከመጨመራችሁ በፊት ግን «አምፖሉ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ይከራከሩ። ከዚያ ጨምሩ፤ ይደምቃል።

ፕሮጀክተሩን ተማሪ ሳይገባ ሞክሩት። እኔ የመጀመሪያ ቀን ገመዱ አልገጥም ብሎኝ 15 ደቂቃ ላብ በላብ ሆንኩ። ያዳነኝ የኋላ ወንበር ረባሼ ነው።