ከጽሞና ወደ አደባባይ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጸልዩ እንጂ ሰልፍ ምን ይፈይዳል?» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። «ጸሎቱ ይቆየን፣ አደባባይ እንውጣ» የሚልም አለ። እኔ በሁለቱ መካከል ብዙ ዓመት ተንገላትቻለሁ። ሱባኤ ገብቼ «ሰው እየተገፋ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብያለሁ። ሰልፍ ወጥቼ ደግሞ ድምፄ እስኪዘጋ ጮሄ፣ ማታ ባዶ ሆኜ ገብቻለሁ።

የጥቁር አሜሪካውያንን የመብት ትግል ጠጋ ብዬ ሳጠና ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እነዚያ ሰዎች ሁለቱን አልለያዩም። አርምሞው፣ ጾሙና ተመስጦው ለሰልፉ አቅም ሰጣቸው። ሰልፉ ደግሞ ጸሎታቸውን ፈተነው። ከእነሱ ታሪክ ተነስቼ፣ አብዛኞቻችን የምንሳሳታቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መናኝ ሁሉ ዓለምን የሸሸ ይመስለናል

ሃዋርድ ተርማን የሚባል ሰው ነበር። በ1899 ተወልዶ ያደገው ዴይቶና ከተማ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። ያሳደጉት አያቱ በባርነት የኖሩ ሴት ናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብላቸው እሱ ነበር። የጳውሎስን መልእክቶች ግን አያስነብቡትም። አልፎ አልፎ የፍቅሯን ምዕራፍ ብቻ ይፈቅዱለታል። ካደገ በኋላ ምክንያቱን ጠየቃቸው። በባርነት ዘመን የጌታቸው ሰባኪ እየመጣ «ባሮች ሆይ፣ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን እየደጋገመ ይሰብክባቸው ነበር። እሳቸውም፣ ማንበብ ብማርና ነፃ ብወጣ ያንን ክፍል አላነብም ብለው ለራሳቸው ምለዋል።

እስቲ ይህን አስቡት። መፈክር የለ፣ ባነር የለ። አንዲት አሮጊት ቤታቸው ተቀምጠው፣ በጸሎት ሰዓታቸው ተቃወሙ።

ተርማን ያደገው በእኚህ ሴት እጅ ነው። ዝምታን የሚወድ፣ ከባሕርና ከዛፍ ጋር የሚያወራ ልጅ ነበር ይባልለታል። በ1929 ሩፈስ ጆንስ ከሚባል የኩዌከር (በዝምታ የሚያመልክ የክርስቲያን ወገን) ምሁር ዘንድ ሄዶ የተመስጦን ሕይወት አጠና። ታዲያ ይህ ሰው ዋሻ አልገባም። በ1936 ሕንድ ድረስ ሄዶ ባርዶሊ ውስጥ ከጋንዲ ጋር ተወያየ። በ1944 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነጭና ጥቁር አብሮ የሚያመልክበትን ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ቀላል አይደለም። መፈናፈኛ ላጣ፣ ጀርባው ከግድግዳ ጋር ለተጣበቀ ሰው የኢየሱስ ሃይማኖት ምን ይለዋል? የሚል ነበር። ተርማን ሰልፍ መሪ አልነበረም። ሰልፍ የመሩት ግን ከእሱ ተምረዋል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ተርማን ጋንዲን ባገኘበት በዚያው በ1936፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር፣ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። መነኩሴ ነበሩ። ሕዝቡ ለፋሺስት እንዲገዛ ስበኩ ሲባሉ እምቢ አሉ። ያንን እምቢታ ከምናኔያቸው ለይቼ ማየት አልችልም።

2. «ፈጣሪ ይወቀው» ብሎ መደበቅ

ይህኛው በጣም ያመኛል፤ ደግሜ ደጋግሜ አድርጌዋለሁና። ጎረቤት ይበደላል፣ እኛ «እግዜር ያውቃል» ብለን በሩን እንዘጋለን። ጸሎት የመሰለን ነገር አንዳንዴ ፍርሃት ነው።

በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ በርሚንግሃም፣ አላባማ ላይ ታሰረ። የታሰረው በስቅለት ዕለት፣ ኤፕሪል 12 ነው። ስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች ሰልፉ ጥበብ የጎደለውና ጊዜውን ያልጠበቀ ነው ብለው በጋዜጣ ጻፉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። «ቆይ፣ ረጋ በሉ» የሚሉ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ኪንግ ከእስር ቤት ሆኖ መለሰላቸው። በመልሱ ውስጥ የሰላማዊ ትግልን አራት ደረጃዎች ዘረዘረ። መጀመሪያ በደሉ መኖሩን ማጣራት። ቀጥሎ መደራደር። ከዚያ ራስን ማንጻት። በመጨረሻ ወደ አደባባይ መውጣት።

ራስን ማንጻት ሦስተኛው ላይ መቀመጡን ልብ በሉ። መጨረሻው እሱ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ መንገድ አለ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባል የለ? ጽሞናም እንደዚያው ነው። ደጁ ድረስ ያደርሰናል፤ ከዚያ ወርደን በእግራችን መግባት አለብን።

አብርሃም ጆሹዋ ሄሸል ይህን ገብቶታል። ሐሲዲም ከሚባሉት ጸሎተኛ አይሁዶች ቤተሰብ ነው፣ ዋርሶ የተወለደ ረቢ። በማርች 1965 ሴልማ፣ አላባማ ላይ ከኪንግ ጋር ከተሰለፈ በኋላ፣ እግሮቼ እየጸለዩ እንደሆነ ተሰማኝ አለ።

3. ንዴት ብቻውን ይበቃል ማለት

ከዓመታት በፊት፣ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ሰልፍ ወጥቼ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው እናቴን ሰደበ። የያዝኩትን ጥዬ ልሻገር ስል አንዲት እናት ክንዴን ጨበጡኝ። «አንተ ልጅ፣ ለዚህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉኝ። አፈርኩ። ለዚያ ሰልፍ ቲሸርት አሠርቻለሁ፣ መፈክር ጽፌያለሁ። ስሰደብ ምን እንደማደርግ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።

የናሽቪል፣ ቴነሲ ጥቁር ተማሪዎች አስበውበት ነበር። ጄምስ ላውሰን የሚባል ወጣት ሰባኪ አሰባሰባቸው። ላውሰን በኮሪያ ጦርነት ጊዜ አልዘምትም ብሎ እስር ቤት የገባ ሰው ነው። ከዚያ ሕንድ ሄዶ እያስተማረ የጋንዲን መንገድ አጥንቷል። በ1959 መጨረሻ ወራት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሥልጠና ጀመረ። ሥልጠናው ንግግር ብቻ አልነበረም። ግማሾቹ ተማሪዎች ነጭ ተሳዳቢ ሆነው ይተውናሉ። ጓደኞቻቸውን ይገፈትራሉ፣ ፀጉር ይጎትታሉ፣ የሲጋራ ጭስ ፊታቸው ላይ ይነፋሉ። የተሰደበው መልስ አይሰጥም። አይሮጥምም። ያንን የሰደበውን ሰው እንደ ሰው ማየት እስኪለምድ ድረስ ይደጋገማል።

እንግዲህ የእኛ አባቶች ገዳም ውስጥ ትዕግሥትን የሚለማመዱበት መንገድ ከዚህ ምን ያህል ይለያል? እኔ ብዙ ልዩነት አይታየኝም። ሐሳብን መጠበቅ፣ ቁጣን ማብረድ፣ ለተሳደበ መልካም መመኘት። ላውሰን ያንኑ ትምህርት ወደ ምድር ቤት አወረደው።

ዳያን ናሽ ከተማሪዎቹ አንዷ ናት። የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ይሠራል ብላ አላመነችም። ግን መምጣቷን አላቆመችም። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 ተማሪዎቹ በከተማው መደብሮች ውስጥ ነጭ ብቻ የሚስተናገድባቸው የምሳ ባንኮኒዎች ላይ ተቀመጡ። ፌብሩዋሪ 27 ተደበደቡ፣ ከወንበር ተጎትተው ወደቁ። ፖሊስ የመጣው ለማሰር ነው፤ ያሰረው ግን ተደብዳቢዎቹን ነው፣ 80 ያህል ተማሪዎችን። አንዱ ቡድን ሲታሰር ሌላው መጥቶ ይቀመጣል።

ኤፕሪል 19 ሊነጋጋ ሲል የጠበቃቸው የአሌግዛንደር ሉቢ ቤት በቦምብ ተመታ። በዚያው ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ማዘጋጃ ቤት ተጓዘ። ዘፈን የለም፣ መፈክር የለም። የእግር ኮቴ ብቻ። ከንቲባው ቤን ዌስት ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ። የ21 ዓመቷ ናሽ ጠየቀችው። ሰውን በዘሩና በቀለሙ ብቻ ለይቶ ማግለል ስህተት ነው ብለው ያምናሉ? ከንቲባው እንደ ፖለቲከኛ አድበስብሶ ማለፍ ይችል ነበር። እንደ ሰው መለሰ፤ አዎ አለ። ሜይ 10 ባንኮኒዎቹ ለጥቁሮች ተከፈቱ።

ያንን ጥያቄ በንዴት መጠየቅ አይቻልም። ብትጮኽበት ኖሮ ሰውየው ይዘጋ ነበር። ለዚያች አንዲት ጥያቄ ያበቃት የወራቱ ልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ።

4. ምልክት ካላየሁ አልነሳም ማለት

አንዳንዶቻችን ራእይ እንጠብቃለን። ሕልም፣ ድምፅ፣ አንዳች ነገር። «እግዚአብሔር ሲገልጽልኝ እወጣለሁ» እንላለን።

የኪንግን የወጥ ቤት ሌሊት ብዙ ሰው ይተርከዋል። ጃንዋሪ 27 ቀን 1956፣ ሞንትጎመሪ፣ አላባማ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ስልክ ተደወለ። ከከተማው ካልወጣህ ቤትህን እናፈነዳለን የሚል ዛቻ ነው። እንቅልፍ እምቢ አለው። ቡና አፍልቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ደክሞኛል፣ ፈርቻለሁ ብሎ ጮክ ብሎ ጸለየ። ያኔ ለጽድቅ ቁም የሚለውን የውስጥ ድምፅ ሰማ።

ታሪኩን የምንተርከው ሰዎች ቀኑን እንዘለዋለን። የከተማው ጥቁሮች መድልዎን ተቃውመው አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበት፣ ኪንግም የመራው አድማ የተጀመረው ዲሴምበር 5 ቀን 1955 ነው። ኪንግ ድምፁን ሲሰማ ትግሉ ውስጥ ከገባ ሰባት ሳምንት አልፎታል። ሰምቶ አልወጣም። ወጥቶ፣ ደክሞ፣ ፈርቶ ሳለ ነው የሰማው። ለእኔ ይህ የጸሎትን መጽሐፍ እንደገና እንደማንበብ ነበር።

ፍሬውስ? ከሦስት ቀን በኋላ ቤቱ በእውነት በቦምብ ተመታ። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ውስጥ ነበሩ፤ ተረፉ። የተቆጣ፣ መሣሪያ የያዘም ሰው ደጁ ላይ ተሰበሰበ። ኪንግ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ መሣሪያችሁን መልሱ አላቸው። ሰዎቹም ተበተኑ።

5. ሥራውን መንፈስ ይሠራዋል ብሎ ዝግጅትን መናቅ

አጭር ነው፣ ግን አይዘለልም። ሞንትጎመሪ ውስጥ በየሳምንቱ ጸሎትና መዝሙር ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ግን የኮሌጅ መምህሯ ጆ አን ሮቢንሰን ሌሊቱን ሙሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት አባዝታለች። ከዚያ በኋላም መኪና ያለው መኪናውን አቅርቦ፣ ማን ማንን ከየት ወስዶ የት እንደሚያደርስ ተደልድሎ፣ ሌላው በእግሩ ሄዶ ነው አድማው 381 ቀን የዘለቀው። ፍርድ ቤትም ተሂዷል። ድርድሩን፣ ድልድሉንና ወረቀቱን ዝቅ አድርገን አንይ።

6. የጾመ ሁሉ ልክ ነው ብሎ መቀበል

በዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። አንድ ሰው ጸሎተኛ ስለሆነ ጥያቄው ሁሉ ትክክል አይሆንም።

ጋንዲን እንውሰድ። በ1922 ቻውሪ ቻውራ በምትባል ቦታ ሰልፈኞች ፖሊስ ጣቢያ አቃጠሉ፤ ከ20 በላይ ፖሊሶች ሞቱ። ጋንዲ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በመላ አገሪቱ የተነሳውን ዘመቻ አስቆመ፤ አምስት ቀንም ጾመ። ጾሙ በራሱና በወገኖቹ ጥፋት ላይ ነበር። ብዙ ጓደኞቹ ተቆጡ፣ እሱ ግን አልተመለሰም። ይህንን አከብራለሁ።

በ1932 ደግሞ እስር ቤት ሆኖ እስከ ሞት እጾማለሁ አለ። በዚህ ጊዜ የተቃወመው፣ «የማይነኩ» ተብለው ለተገለሉት ሕዝቦች የተፈቀደውን፣ ወኪሎቻቸውን ለብቻቸው የመምረጥ መብት ነው። መብቱን የጠየቀላቸው መሪያቸው አምቤድካር ነበር። አምቤድካር፣ ጋንዲ ቢሞት በሕዝቡ ላይ የሚወርደውን መዓት እያሰበ መብቱን የሚያስቀረውን ስምምነት ፈረመ። በኋላ ግን ጾሙን በምሬት ነቅፎታል። የእኔም ልብ እዚያ ላይ ከአምቤድካር ጋር ነው። ጾም ደካማውን ለማስጨነቅ ሲውል ጾምነቱ ይጎድላል። ስለዚህ አንድ ሰው በጾም ሲቃወም ስናይ፣ ጫናው ማን ትከሻ ላይ እያረፈ እንደሆነ እንጠይቅ።

7. ዝምታን ሁሉ አንድ ማድረግ

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን። አንዳንድ ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ የፈራ ሰው ዝምታ። ሌላ ዓይነትም አለ። ጁላይ 28 ቀን 1917 ኒው ዮርክ ውስጥ 10,000 ያህል ጥቁሮች አምስተኛ ጎዳና ላይ ተሰለፉ። ኢስት ሴንት ሉዊስ ውስጥ የተገደሉ ወገኖቻቸውን ሊያስቡ ነው የወጡት። ልጆችና ሴቶች ነጭ ለብሰዋል። ከታፈነ የከበሮ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ያ ዝምታ ራሱ ክስ ነበር።

8. ቶሎ መመለስ

ሴፕቴምበር 20 ቀን 1958 ኪንግ ሐርለም፣ ኒው ዮርክ ውስጥ መጽሐፍ እየፈረመ ሳለ አንዲት የአእምሮ ሕመምተኛ ደረቱን በስለት ወጋችው። የስለቱ ጫፍ ዋናውን የደም ሥር ነክቶ ነበር። ቢያስነጥስ ኖሮ ይሞት ነበር ብለዋል ሐኪሞቹ።

ተርማን ሊጠይቀው መጣ። «አይዞህ» ብቻ ብሎት አልሄደም። ሐኪሞቹ ስንት ቀን ዕረፍት እንደሰጡት ጠየቀው። ነገረው። በላዩ ላይ ሁለት ሳምንት እንዲያስጨምር መከረው። ትግሉ ከግለሰብ በላይ አድጎ የራሱ ነፍስ አበጅቷል፤ አንተም ከእሱ ጋር ያለህን ነገር በጸጥታ ማሰብ አለብህ ነው ያለው።

ሁለት ሳምንት። እኛ ከሰልፍ በተመለስን ማግስት ስልክ ላይ ነን፤ ቪዲዮ ስንቀባበል፣ ስንሰዳደብ፣ ለሚቀጥለው ስንጠራራ። ከዚያ በሦስተኛው ወር ማንም አይመጣም።

ኪንግ ምክሩን እየተከተለ እንደሆነ ለተርማን ጻፈለት። በፌብሩዋሪ 1959 ደግሞ ተርማን ከ23 ዓመት በፊት ወደ ሄደባት ወደ ሕንድ እሱም ሄደ።