«ታክሲው ወረወረኝ»፦ በእንቅስቃሴ ትምህርት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ተማሪዎችን ፊዚክስ ሳስጠና የታዘብሁት ነገር አለ። ቀመሩን አሳምረው ይጽፋሉ፤ የሚሳሳቱት «ለምን?» ሲባሉ ነው። ያን ጊዜ መልሱ ከዕለት ንግግራቸው ይመጣል። የዕለት ንግግራችን ደግሞ የራሱ ፊዚክስ አለው፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ።

ከሁሉ የከፋው «ጉልበቱ አለቀ» የሚለው ነው። ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርድ ባጃጅ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ቀስ በቀስ ይቆማል። ለምን ቆመ? «የሚገፋው ጉልበት ስላለቀ» ይሉኛል። ኒውተን በ1687 ያሳተመው የመጀመሪያ ሕግ ግን ተቃራኒውን ይላል፦ የሚሄድ ነገር በሄደበት ለመቀጠል ገፊ አይፈልግም፤ ለመቆም ነው ምክንያት የሚያስፈልገው። ባጃጁን ያቆመው የጎማውና የመንገዱ ሰበቃ፣ የነፋሱም ግፊት ነው። ጉልበት እንደ ቤንዚን ተጠራቅሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ አንዱ አካል ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲስብ ብቻ ያለ ነገር ነው። አንድ ብይ በእኩል ፍጥነት አፈር ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ከዚያም መስታወት ላይ አንከባሉ። ብዪዋ አንድ ናት፤ የምትሄደው ርቀት ግን በየወለሉ ይለያያል።

«ታክሲው ወረወረኝ» ማለትም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደፊት የገፋችሁ ማንም የለም። ታክሲው ቆመ፤ ሰውነታችሁ ግን ጉዞውን ቀጠለ። የደህንነት ቀበቶ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚያስጥል ነው። ለማስረዳት የጥምቀትን ሎሚ እጠቀማለሁ (ተማሪዎቼ መሳቃቸው አይቀርም፤ ግን አይረሱትም)። ሎሚውን ሽቅብ በሰከንድ 10 ሜትር ወረወራችሁት እንበል። ቶሎታው (አቅጣጫ ያለው ፍጥነቱ) በየሰከንዱ በ10 ገደማ እየቀነሰ ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ 5 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ዜሮ ይሆናል። «እዚያ ላይ ሽምጠጣው (ቶሎታው በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው?» ስል አብዛኛው «ዜሮ» ይላል። ቶሎታውም ሽምጠጣውም ዜሮ ቢሆኑ ኖሮ ሎሚው እዚያው ተሰቅሎ በቀረ፣ የታሰበላት ልጅም ባላገኘችው ነበር! ሽምጠጣው ሲወጣም፣ አናቱ ላይም፣ ሲወርድም ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፤ አቅጣጫውም ሁልጊዜ ወደ ታች። ስለዚህ ሽቅብን ፖዘቲቭ ብላችሁ ከጀመራችሁ ሲወርድ የሽምጠጣውን ምልክት አትቀይሩ።

አማካይ ፍጥነት ላይ ደግሞ ችኮላ አለ። ወደ ጎሃ የሚወስደው ዳገት 2 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 20 ወጥታችሁ በ60 ብትወርዱ አማካዩ 40 አይደለም። መውጫው 6 ደቂቃ፣ መውረጃው 2 ደቂቃ፤ 4 ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 30። ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ይካፈላል፣ በቃ።

ገበያ ላይ «ክብደቱ 1 ኪሎ ነው» በሉ፤ ማንም አይቀየማችሁም። ፈተና ላይ ግን ኪሎ የመጠነ ቁስ (የቁሱ ብዛት) መለኪያ ነው፤ ክብደት ግን መሬት ቁሱን የምትስብበት ጉልበት ነው፤ የ1 ኪሎ ስኳር ክብደት 9.8 ኒውተን ነው።

የቀረው «ከባድ ቀድሞ ይወድቃል» የሚለው ነው። ከአንድ ደብተር ሁለት ወረቀት ቅደዱና አንዱን ጨምድዳችሁ ሁለቱንም ከእኩል ከፍታ ልቀቁ። ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ የተጨመደደው ይቀድማል፤ ዝርግዋን ያዘገያት አየር ነው። አየር በሌለበት ምን እንደሚሆን በ1971 ዴቪድ ስኮት የተባለው የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ጨረቃ ላይ ቆሞ አሳይቷል። በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው የጭልፊት ላባ ይዞ እኩል ለቀቃቸው፤ እኩልም መሬት ነኩ።