አንድ ሰው ሁለቴ ሲቆጠር፦ የኤችአይቪ ሪፖርት ድግግሞሽ እንዴት ይጸዳል?

ጎንደር ውስጥ አዘዞ ሰፈር የሚኖር ሰው ኤችአይቪ አዘዞ አይመረመርም። ጎረቤት ያየኛል ብሎ ፒያሳ ይወጣል። ውጤቱን ማመን ሲያቅተው ደግሞ ማራኪ ሄዶ ይደግማል። ሁለቱም ጤና ተቋማት «አዲስ ታካሚ» ብለው ሪፖርት ይልካሉ። ጎንደር ላይ እንዲህ ሁለቴ የተቆጠሩትን የመለየት ሥራ ስጀምር ነገሩ በአንድ የኤክሴል ቁልፍ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የዝርዝሩን ኮፒ አስቀምጡ፣ ኦሪጅናሉን አትንኩ። ከዚያ ቁጥሮችን አመሳክሩ። ካርድ ቁጥር ከተቋሙ ግቢ ሲወጣ ዋጋ የለውም፤ እዚህ የአንዱ የሆነው ቁጥር እዚያ የሌላ ሰው ነው። የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሕክምና) መለያ ቁጥር ይሻላል፤ ግን ሰውየው የድሮውን ሳይናገር እንደ አዲስ ከጀመረ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል።

ጉዱ ያለው ስም ላይ ነው። ለእኛ ኃይሌ፣ ሐይሌና ሀይሌ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው። ስለዚህ ከስሙ አጠገብ አዲስ ኮለም ክፈቱና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ። ሰባቱንም ፊደል ነው ታዲያ! በመጨረሻም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ አምጡ፤ አለዚያ ኃይሌ ሃይሌ ሆኖ ይቀራል። እኔ ሠን ብቻ ቀይሬ ሥን ረስቼ ሥላሴ የሚል ስም ሁሉ አምልጦኛል። ባዶ ቦታውንም አጥፉ፤ ኃይለ ማርያም ተለያይቶም ተያይዞም ይጻፋል፣ ማርያም ራሷ ማሪያም ትሆናለች። ገ/ን ገብረ ብላችሁ ፍቱ። ወ/ን ግን በጅምላ እንዳትነኩ፤ ወልደም፣ ወለተም፣ ወይዘሮም ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል የተሞላ ከሆነማ አምላክ ይርዳችሁ፤ ጸሐይን አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጀምራታል። ይህን ሁሉ አልፋችሁም በአንዱ ቦታ በክርስትና ስሙ የተመዘገበ ሰው አይያዝም። እሱን የሚያወጣው ስልክ ቁጥር ነው፣ ካለ።

ዕድሜን ፊት ለፊት አታወዳድሩ። በ2012 ሠላሳ ሁለት የተባለችና በ2016 ሠላሳ አምስት የተባለች ሴት አንድ ልትሆን ትችላለች፤ ብዙ ሰው ዕድሜውን በግምት ነው የሚናገረው። የምርመራ ዓመት ላይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ካያችሁ ደግሞ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶት ይሆናል።

አሁን የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ ጾታና ዕድሜ የገጠመውን ሁሉ በዚያች «ድግግሞሽ አስወግድ» በምትል ቁልፍ ጠራረግሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ነርስ ደውላ «ልጅቷ እኮ እዚህ ፊቴ ተቀምጣለች፣ ስሟ የት ሄደ?» አለችኝ። ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ ሞክሼዎች። የአያት ስም አላየሁም ነበር። ያቺን ቁልፍ ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም።

ስለዚህ አትሰርዙ፣ «የሚጠረጠር» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ተቋሙ ጋ ደውሉና መዝገቡን የያዘችውን ሠራተኛ ጠይቁ። ታካሚው ጋ በፍጹም አትደውሉ፤ ስልኩን ባል ያነሳው ይሆናል፣ ልጅ ያነሳው ይሆናል። ዝርዝሩን በቴሌግራም መላላክም ነውር ነው፣ ሲደረግ ባይም።

አንድ ሰው መሆኑ ከተረጋገጠ የመጀመሪያውን የምርመራ ቀን ያዙ፣ ሁለተኛውን ተቋም ግን አታጥፉት። መድኃኒቱን አሁን ከየት እንደሚወስድ የሚነግራችሁ እሱ ነው። መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚያ የጀመረ ልጅ እዚህ «ጠፋ» ተብሎ ሲፈለግ ይከርማል፣ እሱ ክኒኑን አንድ ቀን ሳያዛንፍ እየዋጠ።