ወፏን ተዉአት፣ አበባውን ጠብቁ

የአበባ ማር የምትመጥ ወፍ ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ፣ ከኋላ ከኋላዋ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው። እንጦጦም ሆነ ግቢያችሁ ውስጥ ያበበ ራስ ክምር ወይም እሬት ፈልጉና ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ። ዝም ካላችሁ ራሷ ትመጣለች።

ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ይቺን አትናቋት! ከእነዚሁ ማር መጣጭ ወፎች አንዱ የሆነው ወንዱ የተከዜ ሰንበርድ ጥላ ውስጥ ከሰል ነው የሚመስለው። ብርሃን ፊት ለፊት ሲያገኘው ግን ራሱ ነሐስ፣ ደረቱ ሐምራዊ ሆኖ ቦግ ይላል። ድምቀቱ ከላባው አሠራር ስለሚመጣ፣ ማዕዘኑ ትንሽ ከተዛባ ይጠፋል።

የካሜራውን የሹተር ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ ፈጠን አድርጉና ፎከሱን ቀድማችሁ አበባው ላይ ያዙ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት የባዶ ቅርንጫፍ ፎቶ ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ! ጎጆ ካያችሁ ግን ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ዞር በሉ።