ጃኬቱ ውሃ አስገባ? ከመጣላችሁ በፊት እጠቡት

የዝናብ ጃኬት ትከሻው መራስ ሲጀምር ሁላችንም «በቃ፣ አለቀለት» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን አላለቀለትም፤ ቆሽሾ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት አንድ ደህና ጃኬት «ሲታጠብ ይበላሻል» እያልኩ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላጥበው ከለበስኩ በኋላ ነው። ለካ የሚያበላሸው አለመታጠቡ ኖሯል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። እንዲህ ያለ ጃኬት ሁለት መከላከያ አለው። አንዱ ጨርቁ ላይ ያለው ቅብ ነው፤ ጠብታው እንዳይሰርግ፣ ድቡልቡል ሆኖ እንዲንከባለል ያደርጋል። ሌላው ከጨርቁ ስር ያለው፣ ሜምብሬን የሚባለው ስስ ሽፋን ነው፤ ዝናቡን አስቁሞ የላብን እንፋሎት ያሳልፋል። የቆየው ጎር-ቴክስ (ታዋቂ የዝናብ ልብስ ጨርቅ ነው) ላይ ይህ ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1969 ፈልሳፊው ቦብ ጎር የለጠጠው ቁስ ነው፤ ያው ምግብ የማይዘው መጥበሻ ላይ የምናውቀው የቴፍሎን ዘር። ቅቡ ሲያልቅ ይታደሳል። ሜምብሬኑ ከሞተ ግን አይታደስም።

ጨርቁ ጠቆር ብሎ ውሃ ይጠጣል

የደረቀ ጃኬት ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉ። ከተንከባለለ ቅቡ በሕይወት አለ። ጨርቁ ከጠጣው ወይ ቅቡ አልቋል፣ ወይ በቆሻሻ ታፍኗል። ሁለተኛው ይበዛል። የአንገት ላብ፣ የእጅ ወዝ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ጭስ፣ ካለፈው እጥበት የቀረ ሳሙና፣ ሁሉም ቅቡ ላይ ተለጥፈው ውሃን ይጋብዛሉ። ኮሌታውና እጅጌው ጫፍ ቀድመው የሚረጥቡት ለዚህ ነው።

መፍትሄው እጥበት፣ ከዚያ ሙቀት ነው። ኪሱን ባዶ አድርጉ፣ ዚፖቹን ዝጉ፣ ቬልክሮውን አጣብቁ፤ ክፍት ቬልክሮ ጨርቅ ይቦጭራል። ውስጡ የተሰፋችውን የአስተጣጠብ ምልክት አንብቡ፤ ብዙዎቹ 30 ወይም 40 ዲግሪ ይላሉ። ለዚህ ዓይነት ልብስ የተሠራ ማጠቢያ ካገኛችሁ እሱን፣ ካላገኛችሁ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ተጠቀሙ። ጥቂት ስል እውነት ጥቂት ነው። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ ወደዚህ ጃኬት አይጠጉ። በደንብ አለቅልቁት፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ አለቅልቁት። በማሽን ከሆነ የመጭመቂያውን ፍጥነት ቀንሱ፤ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ ውሃ ቋጥሮ ይይዝና የማሽኑን ሚዛን ሊያሳጣው ይችላል፣ ያን ጊዜ ማሽኑ እየዘለለ ከቦታው ሲነሳ ታያላችሁ። በእጅ ከሆነ ደግሞ አትጠምዝዙት። ሰቅላችሁ አንጠፍጥፉት።

ሲደርቅ፣ ምልክቷ ከፈቀደች፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በለዘብተኛ ሙቀት 20 ደቂቃ ያህል አዙሩት። ማድረቂያ ከሌለ ካውያ፣ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ፣ ያለ እንፋሎት፣ መሃል ላይ ፎጣ ጣል አድርጋችሁ። ሙቀቱ የተኛውን ቅብ መልሶ ያስነሳዋል። አሁን ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከተንከባለለ ሥራችሁ አልቋል፤ ምንም መግዛት አያስፈልግም።

ታጠበ፣ እንዲያውም ባሰበት

ሳሙና ቀርቶበታል። ሳሙና ሥራው ውሃና ቅባትን ማስታረቅ ነው፤ ጨርቁ ላይ ከቀረ ውሃውን ራሱ ይስበዋል። የማሽኑን የሳሙና መሳቢያ ክፈቱት፣ የተጋገረ ዱቄት ሳሙናና የማለስለሻ ዝቃጭ ታገኙበታላችሁ። እሱን አጽዱና ጃኬቱን ያለ ሳሙና፣ በውሃ ብቻ አንዴ አጥቡት።

ታጥቦም፣ ሞቆም ጨርቁ ውሃ ይጠጣል

እንግዲህ አሁን ቅቡ አልቋል፤ አዲስ ይቀባል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ እንደ ሳሙና ከውሃው ጋር የሚገባ ነው፤ ጨርቁን ሁሉ እኩል ያዳርሳል፣ ግን ገበሩንም ይቀባዋል፤ ገበሩ ደግሞ ላብ መምጠጥ አለበት። ስለዚህ የተንጠለጠለ ገበር ላለው ጃኬት የሚረጨውን እመርጣለሁ። የታጠበና ገና እርጥብ የሆነ ጃኬት ላይ ይረጫል፤ ትከሻው፣ ኮፍያውና ክንዱ ላይ ዘርዘር ተደርጎ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትርፉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሳይጠረግ የደረቀው ነው ነጭ ዝንጉርጉር የሚተወው፣ እሱም ብዙ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። አንዳንዱ ቅብ ሙቀት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አየር ላይ ብቻ ይደርቃል፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ። ቆሻሻ ላይ የተረጨ ቅብ ግን ቆሻሻውን ነው የሚቀባው። እኔ አንድ ሙሉ ጠርሙስ እንዲህ አድርጌ ጨርሻለሁ።

አዲስ ጃኬት ገዝታችሁ «የድሮው ይሻል ነበር» ካላችሁም አልተሳሳታችሁም። ፍሎሪን ያለባቸው የድሮ ቅቦች ውሃንም ዘይትንም ይገፉ ነበር። አካባቢን ስለሚበክሉ እየቀሩ ነው። የሚተኳቸው ውሃን ደህና አድርገው ይገፋሉ፣ ዘይት ግን ይይዛቸዋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለባቸው።

ውስጡ ረጥቧል፣ ቀዳዳ ግን የለም

ላብ ነው። የውጭው ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ እናንተም «አስገባ» ትላላችሁ። ማጠብና መቀባቱ ይረዳል። ዳገት ላይ ግን ማንም ጃኬት አያድናችሁም፤ የብብቱን ዚፕ ክፈቱ፣ ከስር የለበሳችሁትን ቀንሱ።

አንድ ቦታ ብቻ ያስገባል

ይህ ቅብ አይደለም። ገልብጡትና ስፌቶቹን እዩ። ስፌት ላይ የተለጠፈው ቴፕ ጫፉ ተነስቶ ከሆነ ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ነው የሚገባው። ቦታውን አጽድታችሁ የስፌት ማጣበቂያ ቀቡት፣ ቀን ሙሉ ተዉት። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ለዚሁ የተሠራ ተለጣፊ አለ፤ ማዕዘኑን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላጣል። የቦርሳ ማንገቻ የሚያርፍበት ትከሻ ላይ ግን ቅቡ በፍትጊያ ስለሚያልቅ እዚያ ደጋግሞ መርጨት ነው።

ውስጡ ይላጣል፣ ይጣበቃል፣ ይሸታል

ነጭ ቅርፊት ኪሳችሁ ውስጥ ካገኛችሁ፣ ጨርቁ አረፋ አረፋ ካወጣ፣ ወይም ውስጡ ተጣብቆ የትውከት ዓይነት ሽታ ካለው፣ ሽፋኑ ራሱ ፈርሷል። ፖሊዩሪቴን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ አሮጌ ሽፋን እርጥበትና ሙቀት ያለበት ቦታ ታጥፎ ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል። ማጠቢያም፣ ቅብም፣ ማጣበቂያም አይመልሰውም። የዋስትና ጊዜው ካላለፈ ሻጩን ጠይቁ። ካለፈ የዚፑን መሳቢያ፣ ማሰሪያ ገመዱንና ቁልፎቹን ፈታችሁ አስቀምጡ፣ ለሚቀጥለው ጃኬት ይሆናሉ።