ማዝ 098፦ ኢንተርሚዲየት አልጀብራን ከሥራ ጋር ማስኬድ

ሲያትል ባሉት ኮሚኒቲ ኮሌጆች ኢንተርሚዲየት አልጀብራ የሚታወቀው በቁጥሩ ነው፤ ማዝ 098። እኔ ቀን ቀን ሲታክ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። በሳምንት ሁለት ማታ ደግሞ አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ የሒሳብ ማስጠኛ ክፍል ተቀምጬ ተማሪ አስጠናለሁ። ጠረጴዛዬ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። አንዷ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አንዱ ኮምፒውተር ሳይንስ ያስባል። አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ ደግሞ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተው ሲያበቁ “አሁን ተራው የኔ ነው” ብለው የመጡ ናቸው። ለሁሉም የምናገረው ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ላስፍረው።

መጀመሪያ፣ ይህ ኮርስ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል ወይ? ቀልድ አይደለም። ቁጥሩ ከ100 በታች የሆነ ኮርስ ለዲግሪ አይቆጠርም። ገንዘብ ይከፈልበታል፣ ጊዜ ይበላል፣ ግን መሸጋገሪያ ብቻ ነው። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የምታስቡ ከሆነ መሸጋገሪያው ወደ ፕሪካልኩለስ (ለካልኩለስ የሚያዘጋጀው ኮርስ)፣ ማለትም ወደ ማዝ 141 ነው፤ እዚያ ያለ ጠንካራ አልጀብራ መግባት ራስን ማሰቃየት ነው። ነርሲንግ ከሆነ ግን የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ስታቲስቲክስ፣ ማዝ 146 ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ ስታቲስቲክስን ከተጨማሪ የእገዛ ሰዓት ጋር አድርገው፣ 098ን ሳትወስዱ ያስገቧችኋል። ስለዚህ አድቫይዘራችሁ፣ ማለትም የኮሌጁ የትምህርት አማካሪ ጋ ስትቀርቡ “የትኛውን ሒሳብ ልውሰድ?” አትበሉ። “ለዚህ ዲግሪ የመጨረሻው የሒሳብ ኮርስ የትኛው ነው? እዚያ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድስ?” በሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ነው የሚያመጡት።

ሎስ አንጀለስ ያለች ዘመዳችሁ “ያ ኮርስ እኮ ቀርቷል” ብትላችሁ አትከራከሯት። ካሊፎርኒያ በ2017 እና በ2022 ባወጣቻቸው ሕጎች ምክንያት እዚያ ያሉ ኮሌጆች አብዛኛውን ተማሪ በቀጥታ ለዲግሪ ወደሚቆጠር ሒሳብ ነው የሚያስገቡት። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ሕጉ ሌላ ነው። የሌላ ስቴት ሰው ምክር ፍቅር እንጂ መመሪያ አይደለም።

ከዚያ የምደባው፣ ማለትም ከየትኛው ሒሳብ እንደምትጀምሩ የሚወሰንበት ጉዳይ አለ። ከአገር ቤት ያመጣችሁት የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያዩት ኮሌጆች አሉ። ሌሎቹ አሌክስ የሚባለውን የኦንላይን ፈተና ይሰጣሉ። ውጤቱ ከ100 ነው። ከፈተናው ጋር የሚመጣ የልምምድ ክፍል ስላለ ተለማምዶ ደግሞ መፈተን ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ሒሳብ የሚችል የወንድም ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አትፈተኑ። ውጤቱ ያምራል፤ ክላስ ውስጥ የምትቀመጡት ግን እናንተ ናችሁ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁ ለፋፍሳ ካልበቃ ዋስፋ የሚባል የስቴቱ ማመልከቻ አለ። የስቴቱን ዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት የምታገኙት በእነዚህ በኩል ነው። ሁለት ቁጥሮች ያዙ። የፌዴራል እርዳታ ከ100 በታች ላሉ የማጠናከሪያ ኮርሶች የሚከፍለው እስከ 45 የኳርተር (የሩብ ዓመት የትምህርት ጊዜ) ክሬዲት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ኮርሶች እዚያ ውስጥ አይገቡም፤ እፎይ በሉ። ሁለተኛው 67 ነው። እርዳታው እንዲቀጥል ከሞከራችሁት ክሬዲት ቢያንስ ወደ 67 ከመቶ የሚሆነውን ማጠናቀቅ ይጠበቅባችኋል። በመሃል ጥላችሁ ወጥታችሁ ደብልዩ (“አቋርጧል” የሚል ምልክት) ካገኛችሁ “ሞክሮ አልጨረሰም” ተብሎ ይቆጠራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወጣችሁ ግን መዝገብ ላይ ጭራሽ አይታይም። የመጨረሻውን ቀን ከኮሌጁ ካላንደር ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት።

ሰዓት። እዚህ ኳርተር ነው፤ ከነፈተናው 11 ሳምንት ገደማ። አምስት ክሬዲት ማለት ለእያንዳንዱ የክላስ ሰዓት ሁለት ሰዓት ጥናት ብትጨምሩበት በሳምንት 15 ሰዓት ነው። ሙሉ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ በዚያ ኳርተር ሌላ ከባድ ኮርስ አትጨምሩ፤ ኦቨርታይምም ቀንሱ። በጋ ላይ ደግሞ ያው ኮርስ ባነሱ ሳምንታት ይጨመቃል፤ ለሠራተኛ ሰው አልመክረውም። ኦንላይን ወይስ በአካል? እኔ በአካል ነኝ። ቤት ውስጥ ቪዲዮ ከፍቶ የሚማር ሰው ልጅ ሲያለቅስ ያቆመዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ያቆመዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። የማታ ክላስ ደክሟችሁም ቢሆን ያስቀምጣችኋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ።

ኮርሱ ቀጥታ መስመሮችን፣ ሁለት እኩልታ በአንድ ላይ መፍታትን፣ ፋክተር ማድረግን (ወደሚባዙ ክፍሎች መበተንን)፣ ኤክስ ያለባቸውን ክፍልፋዮች፣ ስኩዌር ሩትን፣ ኳድራቲክን (ኤክስ² ያለበትን እኩልታ)፣ መጨረሻ ላይም ብዙ ጊዜ ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝምን ይነካል። ሰው ሎጋሪዝምን ይፈራል። ሰው የሚወድቀው ግን ክፍልፋይ ላይ ነው፤ ስማቸው ራሽናል ኤክስፕረሽን ይባላል። ስለዚህ ክላሱ ከመጀመሩ በፊት ተራ ክፍልፋይ አጥኑ። 2/3 ሲደመር 5/8 ያለ ካልኩሌተር ስንት ነው? 31/24 ለማለት ከተቸገራችሁ ኤክስ ሲመጣ ትጠፋላችሁ።

ደጋግሜ የማየው ስህተት ይኸው። ከላይ ኤክስ² + 5ኤክስ + 6 አለ፤ ከታች ኤክስ² − 9 አለ። ተማሪው ኤክስ²ን ከላይም ከታችም ጭረት አድርጎ ይሰርዝና 5ኤክስ + 6 ሲካፈል ለ −9 ብሎ ይጽፋል። እጁ ከአእምሮው ይቀድማል። መሰረዝ የሚቻለው በማባዛት የተያያዘ ነገር ብቻ ነው፤ በመደመር የተያያዘ አይሰረዝም። ስለዚህ በፊት ፋክተር አድርጉ። ላይኛው (ኤክስ + 2)(ኤክስ + 3) ይሆናል። ታችኛው (ኤክስ − 3)(ኤክስ + 3)። አሁን ኤክስ + 3 ከሁለቱም ቦታ ይሰረዛል። የቀረው ኤክስ + 2 ሲካፈል ለኤክስ − 3 ነው።

ልክ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? በኤክስ ቦታ 1 አስገቡ። መጀመሪያ የተሰጠው 12 ሲካፈል ለ −8፣ ማለትም −1.5 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 3 ሲካፈል ለ −2፤ እሱም −1.5። የተሳሳተው ደግሞ 11 ሲካፈል ለ −9 ይሰጣል፤ አልገጠመም። ይህን ማረጋገጫ የማስተምረው ሰው ሁሉ “ለምን ቀድሞ አልተነገረኝም?” ይለኛል። ፈተና ላይ ግማሽ ደቂቃ እንኳን አይፈጅም። ከታች ያለውን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ብቻ አታስገቡ፤ እዚህ 3 እና −3 ማለት ነው።

ፋክተር ማድረግ ላይ ግን እኛ ብልጫ አለን። አገር ቤት የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ተምረናል፤ ማን ካልኩሌተር ሰጥቶን? ኤክስ² − 7ኤክስ − 18 ሲመጣ የምትፈልጉት ተባዝተው −18፣ ተደምረው −7 የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። −9 እና 2 ወዲያው ይመጡላችኋል። አጠገባችሁ ያለው ልጅ 18ን ለምን ለምን እንደሚካፈል በስልኩ እየፈለገ ነው። እምቢ ካለ፣ ማለትም የሚገጥሙ ቁጥሮች ከጠፉ፣ ኳድራቲክ ፎርሙላው አለ። ፎርሙላውን በቃል ያዙት፤ ወረቀት የሚሰጥ መምህር አለ፣ የማይሰጥም አለ።

ካልኩሌተር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኤክስ −3 ሆኖ ኤክስ² ሲጠየቅ ያለ ቅንፍ −3² ብላችሁ ከጻፋችሁ ማሽኑ −9 ይላችኋል። በቅንፍ ስትጽፉት 9 ይሰጣል። ትክክሉ 9 ነው። ካልኩሌተር ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ላይብረሪውን ጠይቁ፤ ለኳርተር የሚያውሱ አሉ።

ስኩዌር ሩት ያለበት እኩልታ ላይ መልሱን መልሳችሁ ሳታስገቡ አትለፉ። የኤክስ + 6 ስኩዌር ሩት ከኤክስ ጋር እኩል ነው እንበል። ሁለቱንም ወገን ስኩዌር ስታደርጉ 3 እና −2 ይወጣሉ። 3 ይሠራል። −2ን ስታስገቡ ግን የ4 ስኩዌር ሩት −2 ነው እያላችሁ ነው፤ እሱ ደግሞ 2 ነው። −2 ይጣላል። መምህራን ይህን ጥያቄ ይወዱታል።

የጽሑፍ ጥያቄዎች ብዙ ሰው ባዶ ይተዋቸዋል፤ እኔ ሠንጠረዥ አስሠራለሁ። 20 ከመቶ የሆነና 50 ከመቶ የሆነ ፈሳሽ ቀላቅላችሁ 30 ሊትር የ40 ከመቶ ሥሩ ቢባል፣ ሦስት ረድፍ አስምሩ፤ ሊትር፣ ፐርሰንት፣ የሁለቱ ብዜት። የመጀመሪያው ኤክስ ሊትር ከሆነ ሁለተኛው 30 − ኤክስ ነው። የብዜቶቹ ድምር 12 መሆን አለበት፤ የ30 ሊትር 40 ከመቶ 12 ነውና። ስትፈቱት ኤክስ 10 ይሆናል። እንግሊዝኛው ቢረዝምም ሠንጠረዡ አይለወጥም። ነርስ መሆን የምትፈልገዋ ተማሪዬ ይህን አይነቱን ጥያቄ አሁን ከሁሉ በፊት ነው የምትሠራው።

የቤት ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አሌክስ ወይም ማይማዝላብ። የመግቢያ ኮዱን ከመግዛታችሁ በፊት ሲላበሱን፣ ማለትም መምህሩ የሚሰጠውን የኮርሱን መግለጫ አንብቡ፤ የራይስ ዩኒቨርሲቲውን ነፃ መጽሐፍ፣ ኦፕንስታክስን የሚጠቀሙ መምህራን አሉና ምንም ላትከፍሉ ትችላላችሁ። ፕሮግራሙ ላይ ተመሳሳይ ምሳሌ የሚያሳይ ቁልፍ አለ። እሱን እያዩ ቁጥር ብቻ እየቀየሩ 100 ከመቶ ማምጣት ቀላል ነው። ፈተና ላይ ቁልፉ የለም። እኔ ተማሪዎቼን ደብተር አስይዛለሁ፤ እያንዳንዱን ጥያቄ መጀመሪያ በእስክሪብቶ፣ ከዚያ ኮምፒውተር።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። እኛ በአእምሮ ሠርተን መልሱን ብቻ ጣል ማድረግ ይቀናናል። እዚህ መልሱ ልክ ሆኖ እርምጃው ከሌለ ነጥብ ይቆረጣል። በተቃራኒው መልሱ ተሳስቶ እርምጃው ጥሩ ከሆነ ግማሽ ነጥብ ይገኛል። እያንዳንዱን መስመር ጻፉ፤ ወረቀት አትሰስቱ።

ኦፊስ አወር የሚባለው መምህሩ ለእናንተ ብሎ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ማስቸገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው የሚቀመጠው። “አልገባኝም” ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፤ የሠራችሁትን ይዛችሁ፣ የቆማችሁበትን መስመር በጣት አሳዩ። ታክሲ ነጂው ጋሼ መጀመሪያ መምህሩን በስሙ መጥራት ከብዷቸው ነበር፤ መምህሩ የልጃቸው እኩያ ሆኖም “ፕሮፌሰር” ይሉታል። እሱም ደስ ብሎት ይመልሳል። ማስጠኛ ክፍሉም ነፃ ነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ኑ። ከፈተናው በፊት ባለው ማታ ሰልፉ በር ድረስ ነው፤ ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ እንኳን አይደርስም።

ወደሚቀጥለው ሒሳብ ለመሻገር አብዛኛውን ጊዜ ከ4.0 2.0 ውጤት ይበቃል። ወደ 141 የምትሄዱ ከሆነ ግን በ2.0 አትርኩ፤ 3.0 እሰቡ። ካለፋችሁ ደግሞ ወዲያው በሚቀጥለው ኳርተር ቀጥሉ፤ አንድ ኳርተር ያረፈ ሰው ፋክተር ማድረግን ረስቶ ነው የሚመለሰው። የምዝገባ ቀናችሁ በደረሰበት ጠዋት ግቡ። የማታ ክላሶች ቶሎ ይሞላሉ። ከሞላባችሁ ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ ተመዝገቡና የመጀመሪያው ቀን ክላሱ ተገኙ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁልጊዜ የሚወጣ ሰው አለ።