ጉልበት ለከዳቸው አባቶች፦ ስለ ቴስቶስትሮን ከመወሰን በፊት

በአማርኛ አቅምም የእግር መታጠፊያም «ጉልበት» ይባላሉ። ለዚህ ጉዳይ መልካም መነሻ ነው፤ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ለአረጋዊ ወንድ ያለው ጥቅም ከተፈተነባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የጉልበት ኃይል ነውና። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 108 ወንዶች ለ36 ወራት፣ እኩሌቶቹ ሆርሞን ያለበትን፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ባዶውን ልጥፍ በቆዳቸው ላይ ሲለጥፉ ቆዩ። ሆርሞኑን ያገኙት ሥጋ ጨመሩ፣ ስባቸውም ቀነሰ፤ ጉልበታቸውን የሚያጥፉበትና የሚዘረጉበት ኃይል ግን ካላገኙት አልተለየም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤታቸው የወጣ ሌሎች ጥናቶች፣ ሆርሞናቸው በምርመራ ዝቅ ብሎ የተገኘ 790 አረጋውያን ለአንድ ዓመት ሆርሞን ያለበትን ወይም ባዶውን ጄል ሲቀቡ፣ ሆርሞኑን ያገኙት የወሲብ ፍላጎታቸው መሻሻሉን አሳይተዋል፤ በእግር ጉዟቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን ትንሽ ነበር። ስለዚህ የቴስቶስትሮን መርፌን እንደ ጉልበት መግዣ የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያው ተሳስቷል።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከፋርማሲ ሳይሆን ከቤት ነው። ተራ ቁመት ባለው፣ ግድግዳ በተጠጋ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እጅዎን በደረትዎ ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ይነሡ፣ ይቀመጡም፤ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ አጠገብዎ ቆሞ በስልክ ሰዓት ይያዝልዎ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀብዎ የጡንቻ ኃይልዎ መድከሙን ያመለክታል። ዱካ ዝቅ ስለሚል ለዚህ ልኬት አይሆንም። ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡ፤ እንደ ጎንደር ዳገት በበዛበት ከተማ «እየደከምኩ ነው» የሚለው ስሜት ብቻውን ብዙ አይናገርምና።

ቀጥሎ የድካሙ ምንጭ ሌላ እንዳይሆን ይጣራ። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ድብርት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ሁሉም የሰውን ጉልበት ይሰብራሉ። የሆርሞን ማነስ ይበልጥ የሚጠረጠረው ከድካሙ ጋር የወሲብ ፍላጎት መጥፋት፣ የማለዳ የብልት መቆም መቅረት፣ የጢም መሳሳት ወይም የጡት ማበጥ ሲኖር ነው። ይህን ለሐኪም መናገር በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሳይነገር የቀረውን የላብራቶሪ ቁጥር ሊተካው አይችልም።

ደሙ የሚሰጠው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እህል ሳይቀመስ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ነው፤ ሆርሞኑ ማለዳ ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳልና። በጾም ወቅት እስከ ቀትር ለሚቆዩ አባቶች ይህ እንኳ አያስቸግርም። ትኩሳት ወይም ጠና ያለ ሕመም ካለ ግን ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። በሁለቱም ቀን ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ጉድለቱ የዘር ፍሬው ይሁን የአንጎል ሥር ዕጢው የሚለይ ተጨማሪ ምርመራ ሐኪሙ ያዝዛል።

ጎንደር ላይ በተለይ ችላ ሊባል የማይገባው ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች በደም ውስጥ የሚይዙት ድርሻ ነው። ቴስቶስትሮን ይህን ድርሻ ከፍ ያደርጋል፤ ከፍታም በብዙ ሕዝቦች ላይ እንዲሁ ያደርጋል፤ ከተማዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሆርሞን ሐኪሞች መመሪያ ድርሻው ከ48 በመቶ፣ በከፍተኛ ቦታ ለሚኖሩ ከ50 በመቶ ካለፈ ሕክምናው እንዳይጀመር ይመክራል። እዚሁ ጎረቤት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ) ሲለካ ከባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች አለመለየቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ «የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም ነው» ብሎ ከፍ ያለ ቁጥርን በዝምታ ማለፍ አይገባም። በሽንት ፊኛ ሥር ላለው የወንድ ዕጢ፣ ለፕሮስቴት፣ የሚደረገው የፒኤስኤ የደም ምርመራም ይቅደም። የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር ያለበት፣ ባለፉት ስድስት ወራት ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የደረሰበት፣ ወይም በቅርቡ ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው አይጀምር፤ መርፌው የዘር ፍሬን ሥራ ያስተኛልና።

ከተጀመረ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ደሙ ይለካ፤ ሄማቶክሪት ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቁም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና ከ5,200 በላይ የልብ ችግር ወይም ሥጋት ያለባቸውን ወንዶች ያካተተ ጥናት፣ መድኃኒቱ ድንገተኛ የልብ ጥቃትንና ስትሮክን ከባዶው መድኃኒት አብልጦ እንዳላመጣ፣ የልብ ምት መዛባትና የሳንባ የደም መርጋት ግን በርከት ብለው እንደታዩ አሳይቷል። ጄል የሚቀባ አባት እጁን ይታጠብ፣ የቀባውንም በልብስ ይሸፍን፤ የልጅ ልጅ ሲያቅፍ ሆርሞኑ ወደ ሕፃኑ ቆዳ ያልፋልና። በስፖርት ቤት በጓደኛ እጅ የሚገዛ ብልቃጥ ግን ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው።

ሆርሞን ቢታዘዝም ባይታዘዝም የማይቀረው ግን ልምምዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ ጥናት፣ በአማካይ 90 ዓመት የሆናቸው የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት ሲያነሡ፣ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 9 ሰዎች የእግር ኃይላቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ቴስቶስትሮን አልተወጉም። በቤት ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ቁጭ ብድግ ይሥሩ፤ አስር ጊዜ ሲቀልልዎ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተው ደረትዎ ላይ ያቅፉ፤ ያም ሲቀልል ወንበሩን በዱካ ይለውጡ። ደረት የሚያምም ወይም ራስ የሚያዞር ከሆነ ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

ሥጋ የሚሠራው ደግሞ ከሚበላው ነው። ኩላሊቱ ደኅና የሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን አረጋዊ በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይመከራል። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ስለሚሰጥ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ በየማዕዱ ካልጎደሉ ጾሙ ለጡንቻ እንቅፋት አይሆንም፤ እንቅፋቱ በእንጀራና በቃሪያ ብቻ መዋል ነው።

በ12ኛው ሳምንት መጨረሻ በዚያው ወንበር ላይ እንደገና አምስት ጊዜ ይነሡ፤ አዲሱን ቁጥር ከፊተኛው ጎን ጽፈው ሁለቱንም ከደም ውጤቱ ጋር ለሐኪሙ ያሳዩ።